ለሚዜዬ፣ በአርባህ ዋዜማ

ሽሜ፤

እንደምን ሰነበትክ ልልህ ብዕር አነሳሁና ተውኩት። የሞተ ሰው እንደምን ይሰነብታል? ደህና ነኝ ብትለኝማ የባሰ ነው የምናደደው። ነገ አርባህ ይወጣል። ከተለያየን ወዲህ ባንተ ላይ ከመናደድ ሌላ ሥራ አልያዝኩም። ሰው ሁሉ በሐዘን የከሳሁ እየመሰለው "አይዞሽ ብዙነሽ፣ እግዜር ያጥናሽ" ይለኛል። በንዴት ነው የከሳሁት ብል ማን ያምነኛል?

የቤቱን ነገር ልንገርህ። የጀመርከው የአጥር በር እንደተንጠለጠለ ነው። ጎረቤት ልሥራላችሁ ሲል እምቢ አልኩ። አማቴ እትዬ ማሚቴ ለመታሰቢያህ መስሏቸው አለቀሱ። እኔ ግን ስንቱን ነገር ጀምረህ እንደምትተው ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው። ሮቢ ወንዝ ሞልቶ የሽንኩርቱን መደብ ዳሩን ይዞት ሄደ። የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ ገና አፈራ፣ ወፍ እየበላው ነው። እትዬ ማሚቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ አንዳንዴ ደጅ ኮቴ ሲሰሙ "ከሁለቱ የትኛው ነው?" ይላሉ። አሮጊቷ ሁለት ልጅ ቀብረው፣ አንዱን በልብሱ አንዱን በሬሳው፣ አሁንም ምሳ ሲቀርብ ሞሶቡን ወደ በሩ ያስጠጉታል።

ሁለት ልጅ ማለቴ አንተም ልጃቸው ስለነበርክ ነው። እናትህ ስትሞት ከለቅሶው ቤት ይዘውህ ሄደው ከልጃቸው ከደምሴ ጎን አስተኙህ። ከዚያ በኋላ አንዳችሁ ስትገረፉ ሌላው የሚያለቅስ፣ ለበዓል የተገዛችውን አንዲት ሸሚዝ በተራ የምትለብሱ ሆናችሁ አደጋችሁ። ይህን ስንቴ ነግረኸኛል። በነገርከኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን እኔን የሚያስከፍለኝ ነገር መሆኑን ከየት ልወቅ!

እኔ የመጣሁት ዘግይቼ ነው። የሸዋ ሮቢት ትምባሆ እርሻ አፍላ ወጣቱን ሁሉ በሰበሰበበት ጊዜ፣ ሦስታችንም ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላን፣ ቅጠል በሲባጎ ከሚሰኩት ጋር ተቀጠርን። ያ ቅጠል እጅ ላይ የሚተወው ሙጫ ትዝ ይልሃል? በሳሙና አይለቅ፣ በአመድ አይለቅ። የነካነው ምግብ ሁሉ ይመር ነበር። አንተ ማንጎ በጥርስህ ልጠህ፣ በእጅህ ሳትነካው በቅርፊቱ ይዘህ ታቀብለኝ ነበር። ደምሴ ይስቅብሃል። "እኔንስ?" ይላል፤ ለእሱም ትልጥለታለህ። ከእኛ ጋር የምትሰካው ዘሀራ ግን ሳትስቅ ታይህ ነበር። "ወላሂ ብዙነሽ፣ ይሄ ልጅ ላንቺ የሚልጠው ሌላ ነው" አለችኝ። እኔም አውቅ ነበር።

የወጣት ማህበሩን ቲያትርስ? ለአብዮት በዓል ባላባት ጭሰኛውን ሲበድል የሚያሳየውን። ደምሴ የጥጥ ጢም ለጥፎ ባላባቱን ሆነ። አንተ ጭሰኛው፣ እኔ ሚስትህ። ባላባቱ "ሚስትህን ለጓዳዬ ላክልኝ" ሲልህ "ሬሳዬን ተራምደህ ውሰዳት!" ማለት ነበረብህ። ያልከውን እስካሁን እሰማዋለሁ። እጄን ጨብጠህ በወረቀቱ ላይ ያልነበረውን ሁሉ ተናገርክ፤ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም አልክ፤ ድምፅህ ተሰበረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር ተነሥቶ አጨበጨበ። የደምሴ ጢም በሳቅ ወደቀ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ እጄን ሳልታጠብ ነው የተኛሁት። መድረክ ላይ ጀግና ነበርክ ሽሜ።

ከመድረክ ስትወርድስ? ማሽላው ሲያሸት ከእኛ ማሳ ማማ ላይ ወፍ ልጠብቅልሽ እያልክ ትመጣለህ። ወንጭፉን ትወነጭፋለህ፣ እሸት ትጠብስልኛለህ፣ ስለ ደምሴ ታወራለህ፣ ስለ ዝናቡ ታወራለህ። አንድ ቀን "ካንቺ ጋር ስሆን ነው ሰው የምመስለው" አልክ። እኔ ቀጥሎ የምትለውን ስጠብቅ አንተ ተነሥተህ ባዶ ሰማይ ላይ ድንጋይ ወነጨፍክ። ወፍ አልነበረም እኮ! አንድም ወፍ አልነበረም።

የደምሴ ሽማግሎች አባቴ ቤት ሲመጡ ከማንም ቀድሞ የመጣሁት ወዳንተ ነው። ደምሴ ከእኔ ጋር ፍቅር እንደያዘው የነገረህ ቀደም ብሎ መሆኑን የዚያን ዕለት ሰማሁ። እሱ አፍ አውጥቶ ተናገረ፣ አንተ ዋጥከው። በገበያው መሐል፣ በርበሬ ሻጮቹ ፊት፣ አንድ ቃል በለኝና ለአባቴ እምቢ እላለሁ አልኩህ። አንድ ቃል ብቻ። መሬት መሬት እያየህ "ደምሴ ጥሩ ልጅ ነው" አልከኝ። ጥሩ ልጅ መሆኑን ያላወቅሁ ይመስል! እኔ ስለ ደምሴ አልጠየቅሁህም። ተናድጄ ሄድኩና ለአባቴ እሺ አልኩ።

ይህም ሳይበቃህ አንደኛ ሚዜ ሆንክ። ሌላ ሰው ጠፍቶ? ቀወት ወረዳ በሙሉ ሚዜ አጥቶ? ደምሴ ምንም አያውቅም፤ ከወንድሙ ሌላ ማንን ይጠይቃል፣ እሱን አልወቅሰውም። አንተ ግን ሚዜ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። በአገራችን ሚዜ ለሙሽራዋ የእናቷ ልጅ ነው። ብትጣላ የሚያስታርቃት፣ ብትገፋ የሚያስጠጋት፣ ባል ቢሞትባት እንኳ ዓይኑን አንሥቶ የማያያት። ይህን እያወቅክ በሽማግሌ ፊት ቆምክና "እህቴ ናት፣ ወንድሟ ነኝ" ብለህ ማልክ። ድምፅህ ያን ቀን አልተሰበረም። ከአባቴ ደጅ ተሸክመህ ያወጣኸኝ አንተ ነህ። ለባላባቱ አልሰጥም ያልከውን ለባላባቱ በጀርባህ አዝለህ ሰጠኸው። ወንድምነቱ እንዲጸና ያጎረስከኝ ጉርሻ ይመር ነበር። እጅህ ላይ ትምባሆው አለ። ያንን ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲያ ብዙዬ ብለህ ጠርተኸኝ አታውቅም። "እህቴ" ሆንኩ። እህቴ ውኃ ስጪኝ፣ እህቴ ደምሴ የት ሄደ። በየቀኑ ትመጣለህ፤ ከባሌና ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለህ፤ ስንጣላ መሐላችን ተቀምጠህ ታስታርቀናለህ። ሁልጊዜ ለእሱ ትፈርዳለህ ብዬ እጮህብህ ነበር። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ለእሷ ነው የምትፈርደው ይልህ ነበር። ደምሴን አልወደድኩትም ብዬ አልዋሽም፤ ወደድኩት። ደግ ነበር፣ አሳቀኝ። ግን ምሽት ላይ ካንተ ጋር ደጅ ቆማችሁ ስትሳሳቁ ስሰማ በማን እንደምቀና ራሴም አላውቅም ነበር። ባንተ? በእሱ? ሁለታችሁም እርስ በርስ ትበቃቃላችሁ፤ እኔ መሐላችሁ እንደ ትርፍ ሰው ተቀምጫለሁ።

ደምሴ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ እሱን ተክተህ ልትሄድ ቀበሌውን ለምነህ ነበር። አልተቀበሉህም። ከዚያ ከሰሜን መርዶው መጣ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፤ ያችን በተራ የለበሳችኋትን የበዓል ሸሚዝ ዘርግተን አለቀስን። አንተ አጥሩ ሥር ቆመህ ቀረህ። አላለቀስክም፣ ደረትህን አልመታህም፣ እትዬ ማሚቴን እንኳ እግዜር ያጥናሽ አላልክም። ሐዘኑ ከብዶት ነው ብዬ አዘንኩልህ። አይ የእኔ ነገር!

ተዝካሩ አለፈ፣ ዓመቱ አለፈ፣ ጥቁሬን አወለቅሁ። አንተ ታርሳለህ፣ ታጭዳለህ፣ እህል ታስገባለህ፤ እህቴ ትላለህ። ዘሀራ ልቧ ፈነዳ። "እኛ ዘንድ የባል ወንድም እንኳ ያገባል፤ እናንተ አንድ ቀን የጎረሳችሁትን ይዛችሁ ዕድሜ ልክ ትቀመጣላችሁ? ያ አላህ!" አለች። እሷ ናት ድፍረት የሰጠችኝ። ማሽላው ማሳ ዳር፣ ማጭዱን ከእጅህ ተቀብዬ፣ አግባኝ አልኩህ። ሴት ልጅ፣ በአፌ። አገሩ ካልተቀበለን ማንም ወደማያውቀን እንሂድ፣ አዋሽ ወርደን ሸንኮራ እንቁረጥ አልኩህ። ማጭዱን መልሰህ ወሰድክና "ምያለሁ እህቴ" አልከኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአገሩን ሕግ ረገምኩ። ሽማግሎቹን ረገምኩ። እትዬ ማሚቴንም በልቤ ረገምኳቸው፤ እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ይደፍር ነበር ብዬ።

ቀጥሎ ትኩሳቱ። እሱንም ደበቅከው። ወባ ቆላ ላደገ ሰው የሚታወቅ በሽታ ነው፤ ቀን እየተንቀጠቀጥክ ቅጠል ስትሸከም ዘሀራ አይታህ ተናገረች እንጂ አንተማ ደህና ነኝ ነው መልስህ። ክሊኒኩ ወደ ላይ፣ ወደ ከተማው ሆስፒታል ውሰዱት ሲል የጭነት መኪና ለምኜ ጫንኩህ። ጭንቅላትህ ጭኔ ላይ ነበር። የደብረ ሲና ዳገት ተጀምሮ ብርዱ ሲነካን ዓይንህን ገለጥክና "ብዙዬ" አልክ። እህቴ አላልክም። ከሠርጌ ወዲህ የመጀመሪያው። "ብዙዬ፣ ማሽላው" አልክ። ሌላ ነገር አልጨመርክም። የጣርማ በር ተራራ ከላያችን ጉም ለብሶ ነበር፤ ከተማው ሳንደርስ አረፍክ። ማሽላው ምን? እስካሁን ልጨርሰው ስል አእምሮዬ ዞረ። ስትሞትም ጀምረህ ተውከው።

በቀብርህ ላይ ሴቶቹ ከእህቶች ጎን አስቀመጡኝ። "ወንድሜ በይ" አሉኝ፣ ወንድሜ አልኩ። እንደዚያው በቀረ ይሻል ነበር። ባለፈው እሑድ ግን እትዬ ማሚቴ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ እንደ ዋዛ፣ ነገሩኝ። የደምሴ ዓመት እንዳለፈ ጠርተውህ ነበር አሉ። "ልጄ፣ ሌላ ሰው ከሚወስዳት አንተ ውሰዳት። መምሬን አስጠይቄያለሁ፣ የአገር ልማድ እንጂ መጽሐፍ አይከለክልም ብለዋል። ሰው ቢያወራ እኔ እመልስለታለሁ" አሉህ። አንተ ምን አልክ? እግራቸው ላይ ወደቅክና "እማዬ፣ ደምሴ ቢመለስስ? ምን ብዬ አየዋለሁ?" አልክ። ለእኔም እንዳይነግሩኝ አስማልካቸው።

ይህን ስሰማ እንስራውን አንሥቼ ከግንዱ ጋር አጋጨሁት። በሩ ክፍት ነበር! ልማዱ አይደለም፣ መሐላው አይደለም፣ የረገምኳቸው ሽማግሎች አይደሉም፣ እኚህ ምስኪን አሮጊትም አይደሉም። ሁሉም ለቀውህ ነበር። አጥሩ ሥር የቆምከው አላምንም ብለህ ነው። ሁላችን እርማችንን ስናወጣ አንተ ብቻህን የእሱን ቦታ ትጠብቅ ነበር። ማሳውን የጠበቅከው ለእሱ፣ በሬውን ለእሱ፣ እኔንም ለእሱ። እኔ እኮ ማሳ አይደለሁም ሽሜ! ለማይመጣ ሰው ወፍ አይጠበቅም! ወድደኸኝ ነበር፣ አሁን አውቃለሁ፤ እሱን ግን ከእኔ አብልጠህ ወደድክ። ይህንንም ቢሆን በአፍህ ብትነግረኝ እችለው ነበር። አብረን እናለቅስለት ነበር። አብረን እንጠብቀው ነበር እንኳ። ለብቻህ ወስነህ፣ የእኔንም ዕድሜ ጨምረህ ሰጠኸው።

ነገ ዘመድ ከየአምባው ይሰበሰባል። ቀበሌው ድግስ አታብዙ ብሏል፤ እትዬ ማሚቴ አልሰማሁም ብለው ጠላ ጠምቀዋል። ዘሀራም ከሰል ይዛ መጥታለች። ለቅሶው ሲነሣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ዞረው ያዩኛል፤ እህቱ ናት፣ ትጀምር ይላሉ። አሮጊቷን ምን ብዬ ላልቅስ አልኳቸው። "የሚወጣልሽን" አሉኝ።

ይቅር አላልኩህም፣ ገናም አልልህም። አትጠብቅ፤ መጠበቅ እንደሆን ታውቅበታለህ። አልረሳህም ግን። ማሽላው ባሸተ ቁጥር፣ እጄ በመረረ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ የአጥሩን በርም እኔው ራሴ እጨርሰዋለሁ። ነገ አገር በተሰበሰበበት መሐል ቆሜ፣ እጄን በራሴ ላይ ጭኜ፣ ሽሜዬ እልሃለሁ። የሚሰማ ይስማ። ወንድሜ አልልህም፤ ወንድሜ አልነበርክም።

ብዙዬ