ለሚሞተው ልጅ አምስት ሸሚዝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለማትሰማኝ ታናሽ ወንድሜ፣

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋህብኝ ወዲህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንደ አንተ ነው፤ ሲለምኑት ይብስበታል። ደብዳቤ ግን እንደ ስልክ አይዘጋምና አረፍ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

በስልክ ያላስጨረስከኝን ከሥሩ ልንገርህ። የጂኦግራፊ መምህራችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስለ እኛ የጻፈውን መጽሐፍ ፊልም እየሠሩት ነው። ወራሪው ጦር ከተማችን ሲገባ እኛ ልጆቹ የመንገድ ምልክት እያዞርን መኪኖቻቸውን ረግረግ ውስጥ ስንከት፣ ነዳጃቸውን ስንደፋ የነበረውን፣ ሁሉንም። ስፌት ቤቴ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ስለሆነ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም እኔ እንድሰፋ ተዋዋልን። ለብሼው ያደግሁት ልብስ ነው፣ አልተቸገርኩም። ያን ቀጭን ጓደኛህን በፊልሙም ሽቦ ብለው ነው የሚጠሩት፤ ይህ ደስ ብሎኛል። እኔን ሆና የምትጫወተዋ ልጅ ደግሞ ከኔ በጣም ታምራለች። ዳይሬክተሩን ሌላውን ስህተት ሁሉ አርም፣ ይህን ግን ተወው ብዬዋለሁ።

አንድ ጠዋት የአልባሳት ኃላፊዋ መጣችና ለሚሞተው ልጅ አምስት አንድ ዓይነት ሸሚዝ እንድሰፋ አዘዘችኝ። ፊልም ላይ ሰው አንዴ ተመትቶ አይበቃውም፤ እስኪያምርላቸው ደጋግመው ይመቱታል። ቀዩ ቀለም ደግሞ አይለቅም፣ ስለዚህ በተመታ ቁጥር አዲስ ሸሚዝ ነው። ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ሽቦን የሚጫወተውን ቀጭን ልጅ ስጠብቅ የመጣው አንተን የሚጫወተው ወፍራሙ ሆነ።

"ተሳስተሃል፤ የሚሞተው ጓደኛህ ነው" አልኩት።

"አይ፣ እኔ ነኝ። ድልድዩ ላይ" አለኝ፣ እጁን ለልኬት ዘርግቶ።

መቀሴን እንደያዝኩ ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። መጽሐፉን አላነበብከውም ወይ ብዬ ስጠይቀው አንብቤዋለሁ አለኝ።

"ችግሩ እትዬ፣ ልጁ ሌላ ሥራ ተዋውሎ ኖሯል። ከዚህ ወር በኋላ አናገኘውም። ቶሎ መሞት ያለበት እሱ ነው።"

"ወንድሜ እኮ በሕይወት አለ። የሞተው ሽቦ ነው።"

"እርስዎና ወንድምዎ ካልተስማማችሁ እቀይረዋለሁ። ግን ቶሎ ንገሩኝ፤ መጨረሻውን እንደገና መጻፍ ይኖርብኛል።"

ክፉ ልጅ አይደለም። ሥራው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ እኔስ ጨርቅ ሲያንሰኝ ከየት ቆርጬ የት እንደምቀጥል አንተ ታውቃለህ።

እንግዲህ የደወልኩልህ ለዚህ ነበር። "ሞቱን አልቀማውም፣ ይቀየር" ብለህ ዘጋኸው። ያን ቀን ሐሳቤ ካንተው ጋር ነበር። ሽቦ ድልድዩ ላይ ከኋላህ እየሮጠ ነው ተመትቶ የወደቀው፤ ዞር ብትል ኖሮ ሁለታችሁም እዚያው ትቀሩ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ብነግርህ አልሰማ ብለህ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ የእናቱን ዓይን ማየት አቅቶህ ጥለኸን ሄድክ፤ ይኸው ሸበትን። ለልጁ የቀረችለት ያቺ ሞቱ ብቻ ናት፣ እሷንም አውልቀው እኔን ሊያለብሱኝ ነው ብለህ ተናደድክ። ገብቶኛል፤ እኔም ተናድጄ ነበር።

አሁን ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ስማ። የመጨረሻውን ክፍል በትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀርጹ ነበር። በፊልሙ ሽቦ አርጅቶ የድሮ ክፍሉን ሊያይ ይመጣል። ዳይሬክተሩ እኔን ሳያማክር የሽቦን እናት በክብር እንግድነት ጠርቷቸው ኖሯል። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ጆሯቸው ደክሟል እንጂ ዓይናቸው ከኔ ይሻላል። ሳያቸው ክው አልኩ። "እማማ፣ እዚህ ብርድ ነው፣ ቤት ላድርስዎት" ብላቸው "አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው ተዋናይ በበሩ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ነው። በዴስኮቹ መሀል አልፎ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

"ይሄ ማነው?" አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ "ሽቦ ነው። በፊልሙ አልሞተም" አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ተዋናዩን ትኩር ብለው አዩት። ቀረጻው ሲያበቃ ዳይሬክተሩ ተዋናዩን አምጥቶ አስተዋወቃቸው። እጁን ያዙትና ጎንበስ በል አሉት። ሰውዬው ግር ብሎት ጎንበስ ሲል ፀጉሩን ዳሰሱት።

"አባቱም እንዲህ ነው የሸበተው፤ ከፊት ጀምሮ" አሉ።

እኔ መደበቅ ስለማላውቅበት አንተ ይቀየር ማለትህን ነገርኳቸው። ለምን አሉ። ሞቱን አልቀማውም ብሎ ነው አልኳቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦

"የገነዝኩት እኔ ነኝ፤ ሲሞት ለማየት ፊልም አያስፈልገኝም። ሁልጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው በሕልሜ የሚመጣብኝ። እኔ ሳረጅ፣ እሱ እዚያው ሲቀር፣ የልጅ ልጄ ሊሆንብኝ ነው። ሲያረጅ ነው ያላየሁት።"

ከዚያ የተዋናዩን ኮት ትከሻ በጣታቸው አስተካከሉ። "ልኩ ነው። ማን ሰፋለት?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ሌላ ማን ይሰፋለት ነበር" አሉና እጄን ጨብጠው ይዘው ቆዩ። እሳቸው ከጥንትም ያውቁ ነበር። አንተም በዚህ ነገር ምንም እንዳትጠይቀኝ።

ዳይሬክተሩ መልስህን እስከ እሑድ ይጠብቃል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን በሱ ፋንታ እኔ በሞትኩ ስትል ኖረሃል። ይኸው ዕድሉ መጣልህ፣ ያውም በማይጎዳ ጥይትና በኔ ሸሚዝ። አንዴ ሙትላቸው። ስትሞት ደግሞ ተነሥተህ ና፤ ፊልሙን አጠገባቸው ተቀምጠህ እንድታይ ይፈልጋሉ።

እንዲህ ነው ያሉኝ፣ ቃል ሳልጨምር፦ "ፈርቶኝ እንደቀረ አውቃለሁ። ተቀይሜው አላውቅም። ልጄ ያልኖረውን ዕድሜ ለሱ ይጨምርለት፤ ሲመጣም የሱን ፀጉር ልዳስስ።"

አሜን በል።

እህትህ፣ ልብስ ሰፊዋ