የጋሽ አንቀጽ የሕይወት ታሪክና ያልተፈረመው ደብዳቤ

ባልደረቦቻቸው ጋሽ አንቀጽ የሚሏቸው ወንድማችን ከኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ በከሰል ኃይል ማመንጫው አጥር ሥር ባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። እናታችን ነጭ ጨርቅ የሚሰፉት መስኮት ዘግተው ነበር፤ ካልዘጉ ጥላሸቱ ይቀድማቸዋል።

የመጀመሪያ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው በሃያ አራት ዓመታቸው በሕግ ተመረቁና በሚኒስቴሩ የስምምነቶች ክፍል ተቀጠሩ። በሠላሳ ዓመታቸው ነርሷን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው የሰፈሩን ሕፃናት ሳል ሲያስታምሙ ኖረዋል።

ማመንጫው ለውጭ ኩባንያ ሲሸጥ አንድ የኢነርጂ ኢንቨስትመንት ስምምነት አብሮ ተፈረመ። መንግሥት የምድር ሙቀት መጨመር አሳስቦት ማመንጫውን ቢዘጋ፣ ኩባንያው ወደፊት አገኘው ነበር የሚለውን ትርፍ ሁሉ ውጭ አገር ከሶ ያስከፍላል። ይሻሻል የሚል ደብዳቤ በጊዜው ካልተላከ ደግሞ ስምምነቱ በየአስር ዓመቱ በራሱ ይታደሳል።

ወንድማችን በአምሳ ሦስት ዓመታቸው ደብዳቤውን ጻፉ፤ ያውም ስምንት ወር አስቀድመው። ደብዳቤው ግን «ለአስተያየት» እየተባለ ከክፍል ክፍል ዞረ። አንዱ ኅዳጉ ጠቧል ብሎ መለሰው። ሌላው አባሪው በሁለት ኮፒ ይሁን አለ። ሦስተኛው የመሳቢያውን ቁልፍ ይዞ ፈቃድ ወጣ። ሲፈረም ቀኑ ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር፤ ስምምነቱም ለሌላ አስር ዓመት በራሱ ታደሰ። ወንድማችን ቤት ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና፣ «ክፉ ሰው እኮ የለበትም፤ ሁሉም አስተያየት ነበረው» አሉን። እኔ ታናሽ እህታቸው ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ለሚቀጥለው እድሳት አዲስ የደብዳቤ ረቂቅ ይዘው የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ከረሙ። የደም ግፊት ሲይዛቸው ሐኪሙ እንዳይበሳጩ መከሯቸው፤ መሥሪያ ቤቱን እንዳያበሳጭ የመከረ ግን አልተገኘም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ስልክ ደውለው ጠየቁ። ጸሐፊዋም፣ «ጋሼ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ነገ ይደውሉ» አለቻቸው። ነገን አላገኙትም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እዚያው ሰፈር የሚያድጉ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። የደብዳቤው የመጨረሻ ቀን ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። የሚፈርሙት ክቡር ኃላፊ እዚሁ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ክቡርነትዎ፣ ስላለቀሱልን እናመሰግናለን፤ ከዚህ ሲነሱ ግን ወደ ቤትዎ ሳይሆን ወደ ቢሮዎ ይሂዱልን። የወንድማችንን ነፍስ ፈጣሪ ያሳርፍልን፤ እርስዎም ያግዙት።