«ነፍስ ይማር» ተሳትፎ ተብሎ ስለመቆጠሩ

ለተከበሩ የወረዳችን ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ፤ ኔትወርካችሁም እንዳይቋረጥ እጸልያለሁ። ይርዳው ድረስ የምባል አናጺ ነኝ። ቤቴ ከእንዶዴ ወንዝ ማዶ፣ ሥራዬ ከወንዙ ወዲህ ከተማው ውስጥ ነው። ባለቤቴን የዓለምዘርፍን ይኸው ወንዝ ወስዶብኝ አርባዋን መስከረም ላይ አውጥተናል። ይህን የምጽፈው እጄ ሌላ ሥራ እንቢ ስላለኝ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ሰኔ ላይ የእግረኛ ድልድያችን በጎርፍ እንደተወሰደ ማመልከቻ ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። ጥበቃው ከእንግዲህ ጥያቄ የሚቀርበው በፌስቡክ ገጻችሁ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረድቶ መለሰኝ። እኔም ያንኑ ማመልከቻ፣ «ጉዳዩ፦ ድልድይ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ» ከሚለው ጀምሮ «ከሰላምታ ጋር» እስከሚለው ድረስ፣ ችግኝ ስትተክሉ የተነሣችሁት ፎቶ ሥር ጻፍሁት። በስልክ እንዴት እንደሚፈረም ስላላወቅሁ ሳልፈርም በመላኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «ለተሳትፎዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደረሰኝ። ከመንግሥት ቤት እንዲህ ያለ ፍጥነት በዕድሜዬ አላየሁም።

፪ኛ. የዓለምዘርፍ ፊደል አልቆጠረችም። ከሥራ በገባሁ ቁጥር «ዛሬስ ምን አሉህ?» ትለኝ ነበር። ምስጋናችሁን ሳነብላት ደስ አላት፤ «ካመሰገኑህማ ተቀብለውታል፣ ከተቀበሉትማ ሊሠሩት ነው» አለች። በእኛ ሠፈር ሰው የሚያመሰግነው የሰጡትን ሲቀበል ስለሆነ እንዲህ ብታስብ አልፈርድባትም። ለጎረቤቶቿ ሁሉ ድልድዩ ሊሠራ መሆኑን ቤት ለቤት እየዞረች አበሠረች።

፫ኛ. ሐምሌ ላይ ደግሜ ብጠይቅ «በዕቅድ ተይዟል» የሚል መልስ ከአበባ ምስል ጋር ላካችሁልኝ። እኔም አምኜ ተቀመጥሁ። ክቡር ሆይ፣ አናጺ ነኝ ብዬዎታለሁ። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድሜ ሳንቃ መምታት ለእኔ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ግንዱን ቆርጬ አጥሬ ሥር ካስቀመጥሁ በኋላ የመንግሥትን ዕቅድ እንዳላበላሽ ብዬ ተውሁት። ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቤት ያለው ሰው እንዳይራብ ብላ ገባችበት። ግንዱ ዛሬም እዚያው ነው፤ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ። ከእናንተ በፊት የምከስሰው ራሴን ነው፣ ግን ለራሴ ማመልከቻ የምጽፍበት ገጽ የለኝም።

፬ኛ. በባለቤቴ ሞት የሐዘን መግለጫ ስላወጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለቅሶ ቤት ድረስ የመጣ ሠራተኛ ባይኖራችሁም፣ መንገዱ ድልድይ እንደሌለው ስለማውቅ አልተቀየምሁም። ከመግለጫው ሥር ስድስት መቶ ዐሥራ አራት ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። አንድ በአንድ አነበብሁት፤ አልዋሽዎትም፣ ለጊዜው አጽናንቶኝ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ በተደረገው የሩብ ዓመት ግምገማ በሕዝብ ተሳትፎ ብልጫ አግኝታችሁ የምስክር ወረቀት መሸለማችሁን ከዚያው ገጽ ላይ አየሁ። ብልጫ ያስገኘው ጽሑፍም ተጠቅሷል፤ የእሷ መርዶ ነው። እኛ ለቅሶ የደረስን መስሎን ነበር፣ ለካ ስንሳተፍ ኖሯል።

የምስክር ወረቀቱ በጥሩ ክፈፍ መሰቀል ስለሚገባው፣ እንጨቱን ከአጥሬ ሥር አምጥቼ በነፃ ልሠራልዎ ዝግጁ መሆኔን እየገለጽሁ፣ ለክቡርነትዎ ዕድሜና ሹመት ከሚመኙት ተገልጋዮችዎ መካከል በቁጥር አንዱ የሆንሁት፣

ይርዳው ድረስ
አናጺ፣ ከወንዝ ማዶ
ጥቅምት

ማስታወሻ፦ ከሐዘን መግለጫው ጋር የለጠፋችሁት ፎቶ የባለቤቴ አይደለም፤ የእህቷ የታየች ነው። ታየች በሕይወት አለች። ድልድይ ስለሌለ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንኑ ወንዝ በእግሯ ተሻግራ ገበያ ትወጣለች። ስለዚህ ፎቶዋን አታጥፉት።