ወደ አምባራስ ሳትወጣ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድምዓለም የሺዋስ። ለጤናህ እንዴት ነህ? የመተማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባውስ ዘንድሮ ማረህ ወይ? እኔ እህትህ የትናየት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደባርቅ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ላቦራቶሪ ስገባ ሥራ ከመጀመሬ በፊት እጄን በብብቴ አሞቃለሁ። እናታችን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። አምባራስ ያሉት ቤተሰቦችህ የገብስ አጨዳ ላይ ናቸው።

የሰሊጡ ሥራ ሲያልቅ ለኅዳር ጽዮን እንደምትመጣና በቀጥታ ወደ ቤትህ እንደምትወጣ መልእክት መላክህን ሰማን። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ከሰማሁ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ እንዴት እንደምጽፍልህ ሳስብ ሰነበትኩ። በስልክ ያልነገርኩህ ሁልጊዜ ሰው መሃል ሆነህ ስለምታነሳው ነው። ለዚህ ነው ወደ አንተ ለሚወርደው ለላቀው አሽጌ የሰጠሁት። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ነሐሴ ላይ ከአረም ስትመለስ እኔ ዘንድ አድረህ ነበር። ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ መግልም አለው አልከኝ። ሳልጠይቅህም በጠራራ ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው አልክ። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ይላል። እኔ ግን ድንጋይ ጨብጥ እንደማያሲዝ የማውቅ ሰው ነኝ። ታላቄ ነህ፣ ደብተር ገዝተህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ከማን ጋር ነበርክ ብዬ ልጠይቅህ አፌ አልታዘዘልኝም። ሳልመረምርህ ክኒን ገዝቼ ሰጠሁህ። በሦስተኛው ቀን መግሉ ቆመ ብለህ እየሳቅህ ወደ ሚስትህ ወጣህ። እኔም ሸኘሁህ። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ባለፈው ሳምንት ሚስትህ ስጦታ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያችን መጣች። ስምንት ወሯ ነው። ከእምብርቴ በታች ይወጋኛል ስላለች ነርሷ ናሙና ወስዳ ላከችልኝ። በማይክሮስኮፑ የጨብጥ ባክቴሪያዎቹን አየኋቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ባቄላ ክክ ፊት ለፊት ተጋጥመዋል። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁ፤ ያው ናቸው።

መግሉ ቆሟልና ድኛለሁ እንዳትል። ይቺ ባክቴሪያ በላይዋ ከፕሮቲን የተሠራ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክር አላት። ክሩን ዘርግታ ሥጋችንን ትይዝና ራሷን ወደዚያው ትስባለች፤ ከተጠጋች በኋላ ሌላ ፕሮቲን አጥብቆ ያጣብቃታል። ልጆች ሆነን ከበጎቹ ፀጉር ጭጎጎት ስንነቅል ጣታችን እስኪደማ አልለቅ ይለን የለ? እንደዚያ ናት። ሽንት ሌላውን ሲያጥብ እሷ ትቀራለች። ሰውነታችን ክሩን ለይቶ ሲያውቅባት መልኩን ትለውጥበታለች፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ዳግመኛ ከመያዝ አይድንም። ያልሆነ ክኒን ደግሞ ለጊዜው ድምፅዋን ያጠፋው ይሆናል እንጂ ከተጣበቀችበት ላያስለቅቃት ይችላል።

ስጦታ የሚያድነውን መርፌ ወስዳለች። አንተ ሳትታከም ከገባህ ግን መልሰህ ታስይዛታለህ። ሕፃኑም ሲወለድ በዚያው ያልፍና ባክቴሪያዋ ዓይኑ ላይ ትጣበቃለች። መስከረም ላይ ከዳባት ማዶ አንድ አራስ አምጥተውልን ነበር። ዓይኑ በመግል ተከድኖ ነበር፤ ነርሷ ስትጠርገው ብሌኑ ነጭ ሆኗል። እናቱ መቼ ነው የሚገልጠው እያለች ትጠይቀን ነበር። ወደ ጎንደር ላክናቸው፤ ግን ዘግይተው ነበር።

ስጦታ ከየት መጣብኝ ብላ ጠየቀችኝ። የድንጋዩን ነገር ለእሷም ነግረሃት ኖሯል፤ እኔ እንኳ የጋለ ድንጋይ አጠገብ አልደረስኩም አለችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንቺ ጻፊለት፣ እኔ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ አለች። ወንድምዓለም፣ ክፉ ቃል እንዳታወጣባት። ከአንተ በቀር ሰው አታውቅም።

ስለዚህ ደባርቅ ስትደርስ ወደ አምባራስ ወደሚወጡት በቅሎዎች አትሂድ፤ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ና። የሚመረምርህ ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ። መተማ ያለችውንም ሴት፣ ማን ናት አልልህም፣ እንድትታከም ንገራት። ሳትመጣ ካለፍክ ለእናታችንም ሆነ ለስጦታ ወንድሞች አልናገርም። ለስጦታ ግን በሩን እንዳትከፍትልህ እነግራታለሁ። አንተን በገዛ ቤትህ ደጅ ማስቆም ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም አደርገዋለሁ።

እናታችን የሺወርቅ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ስሙን በጸሎቴ እንደማልረሳ ንገሪልኝ ብላለች። ልጅህ ፀጋ ፊደል ለይታለች፤ አባባ ሲመጣ አነብለታለሁ እያለች ነው። ስጦታ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ሌላ አልጨመረችም። በሆዷ ያለው ገና ዓይኑን አልገለጠም።

እህትህ የትናየት
ደባርቅ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.