በቅጹ ላይ የሰረዝሽው ቃል

እማዬ፣

ከተለየሽኝ አምስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። የሞተ ሰው ደብዳቤ አያነብም ትዪኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ አርፎ መቀመጥ አቃተኝ። ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ባለችው ክፍሌ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ እውላለሁ፤ ከታች የሚኖሩት አሮጊት ሁለት ጊዜ መጥተው ኮቴሽ አላስቀመጠን አለ ብለውኛል። አንቺ በእጅሽ ያሳጠርሽው መጋረጃ እንዳለ ነው። ሌላው ሁሉ ቦታውን ለቋል፤ መጽሐፎቼ ወለሉ ላይ ናቸው፣ ምግብ እጀምርና እተወዋለሁ። አሁን የምጽፍልሽ ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው። እዚህ ቢያንስ እኔ ብቀመጥም ባቡሩ ይሄድልኛል።

ዛሬ ጓደኛሽ እትዬ ብርቄ ጋ ነበርኩ። ጄኔቫ ሰርቬት ሰፈር ለእሁድ ዕረፍታችሁ ብቻ ተሰባስባችሁ የተከራያችኋትን ክፍል ሊለቋት ነው። «አስካለ ከሌለች ቴሌቪዥኑ ቴሌቪዥን ብቻ ሆነ» አሉኝ። እዚያ ትተሽው የሄድሽውን የጨርቅ ቦርሳ ሰጡኝ። ነጠላ ጫማሽ፣ መነጽርሽ፣ ከሥር ደግሞ ለሁለት የታጠፈው ቅጽ ነበር።

ቅጹን ታስታውሺዋለሽ። ከመሞትሽ ሦስት ሳምንት በፊት ነው የሰጠሁሽ። ያወራሽኝንና በድምፅ የቀዳሁትን ለመመረቂያ ጽሑፌ እንድጠቀምበት የምትፈርሚበት ነበር። ትምህርቴ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ስነግርሽ፣ ጥቁር ሴቶች ፊልምና ዘፈን ውስጥ እንዴት እንደሚታዩ፣ ደግሞ እነሱ ራሳቸው የሚያሳዩዋቸውን እንዴት እንደሚያዩት ነው የማጠናው ብልሽ፣ ሻይሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። «እንግዲህ ሐሜትም በዲግሪ ሆነ» አልሽኝ። ለፕሮፌሰሬ ብነግራት እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ጻፊው አለችኝ።

ሐሜት ብቻ አልነበረም እኮ። የማነባቸው ጥቁር ሴቶች አንትሮፖሎጂስቶች ሲጠና የኖረ ሰው ራሱ አጥኚ ነው ይላሉ። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ሳነብ አንቺ ሰርቬት ተቀምጠሽ ስትሠሪው ነበር። ፊልሙ ላይ ጥቁር ሴት ትሪ ይዛ ስትገባ እጅሽን ታነሺና ታስቆሚዋለሽ። ስሟ ማን ነው? ማንም አያውቅም፤ ፊልሙ አልነገረንም። «ይቺ በለጡ ናት» ትያለሽ። በለጡ ሁለት ልጆች እናቷ ጋ ትታለች፣ ግራ ጉልበቷን ያማታል፣ ዛሬ ከቤት ስልክ ይደወልላታል። ከዚያ ፊልሙ ይቀጥላል። ባልና ሚስቱ ቢፋቱም ቢታረቁም ግድ አልነበራችሁም፤ ጭንቃችሁ በለጡ ተመልሳ ትመጣለች ወይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አትመለስም።

በክሊፑም ያው ነሽ። ከዘፋኙ ኋላ ከሚወዛወዙት ልጆች መሃል ጫማ የጠበባትን ለይተሽ ታሳዪናለሽ። አንዷ ተዋናይት ሸሚዝ ስትተኩስ አይተሽ «ይቺ ልጅ ሰው ቤት ሠርታ አታውቅም፣ ከአንገትጌው ትጀምር እንጂ» አልሽ። የምትሰላቺው የኛኑ አስቂኝ ድራማ ስናይ ነበር። ሠራተኛዋ ገና አፏን ስትከፍት፣ የገጠር አነጋገሯ ሲሰማ፣ ሁሉም ይስቃል። አንቺ አትስቂም። እስቲ ዝም በሉና ምን ልትል እንደነበር እንስማት ትያለሽ። እኔ ስስቅ ነበር፤ ይህን አልጽፈውም ብዬ ነበር፣ ይኸው ጻፍኩት።

ሎዛንን አለፍን። ሐይቁ በቀኝ በኩል ነው፤ ቀና ብዬ አላየሁትም።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በዓመቱ ዲፕሎማቶቹ አሠሪዎችሽ እነ መዳም ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቫ ሲዛወሩ አንቺን ይዘውሽ ሄዱ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት እናትሽ የት ናት ሲሉኝ ጄኔቫ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ትሠራለች እል ነበር። ልጅነት ነው እንበል። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በስኮላርሺፕ ዙሪክ ስገባና በየእሁዱ አንቺን ማግኘት ስጀምርስ? ዩኒቨርሲቲው ቤተሰብ የጋበዘ ዕለት፣ ያንን ሰማያዊ ሻርፕ አድርገሽ አጠገቤ ቆመሽ፣ ፕሮፌሰሯን «እናቴ ጄኔቫ በዲፕሎማቲክ ሥራ ላይ ናት» አልኳት። በእንግሊዝኛ ነበር፤ አንቺ እንግሊዝኛ እንደምትሰሚ እያወቅሁ። እጇን ጨብጠሽ ፈገግ አልሽ። ትራም ውስጥ የጠየቅሽኝ ምሳ በልቼ እንደሆነ ብቻ ነበር። ብትቆጪኝ ምናለ ነበር እማዬ። ያ ዝምታሽ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቅጹን ወደ አማርኛ ተርጉሜ፣ ስምሽንና ሥራሽን ራሴ ሞልቼ ነበር የሰጠሁሽ። ሥራ በሚለው ላይ «የዲፕሎማቲክ ተቋም ሠራተኛ» ብዬ። አየሽ፣ ውሸቴን አንቺኑ ላስፈርምሽ ነበር። አንቺም በደንብ አንብቤ ልፈርም ብለሽ ወሰድሽው፤ ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ረቡዕ ጠዋት ልብሽ ቆመ። ፕሮፌሰሯ ፊርማ ከሌለ በስም መጻፍ አይቻልም አለች፤ ወይ ይውጣ፣ ወይ ስሟ ይደበቅ። እኔም «ሴት ሀ» ብዬ ጻፍኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለለኝ። ሴት ሀ ልጅ የላትም፣ ማንም መጥቶ እናትሽ ናት ወይ አይለኝም። ለበለጡ ስም የሰጠሽውን አንቺን ስም ነፈግሁሽ። አምስት ወር ሙሉ ያላስቀመጠኝ ይኸው ነው፤ ያልፈረምሽውም አልፈልግም ብለሽ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ቅጹን ከፈትኩት። እኔ የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰርዘሽ፣ ከላይ በዚያ ዘንበል በሚለው ጽሕፈትሽ «የቤት ሠራተኛ» ብለሻል። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። እትዬ ብርቄን ለምን አልፈረመችም አልኳቸው። አንቺ በመጨረሻዋ እሁድ ያልሽውን ነገሩኝ፦ «ልጄ አርማ ታምጣው፣ ያኔ እፈርማለሁ።»

ቆመሽ ስትጠብቂኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቅጹስ ብዬ እንኳ አልደወልኩም።

እትዬ ብርቄ የእሳቸው ስም መመረቂያ ጽሑፌ ላይ እንዳይጻፍ ለመኑኝ። አሁንም ሰው ቤት ነው የሚሠሩት፤ ለጂቲማሲዮን የሚሉት የዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ መታወቂያቸው ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው፣ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱም ይሄዳል። ታዲያ ማን ልበልዎት ብላቸው ትንሽ አሰቡና «በለጡ በይኝ» አሉ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው በማግስቱ ነው። በርንን ካለፍን በኋላ መጻፍ አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት ፕሮፌሰሯ ቢሮ ሄድኩ። ጽሑፉ የሚገባው ነገ ነው። ከመቀመጤ በፊት፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ «እናቴ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ» አልኳት። የምታስተምረን እኮ አጥኚ የት ቆማ እንደምታይ ሳትደብቅ ትናገር ብላ ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የቆምኩበትን ደብቄ ስለ ሌሎች ስጽፍ ነበር። የቀዳሁትን ድምፅሽን አወጣዋለሁ አልኳት፤ ፈቃድሽን በፊርማ አልተቀበልኩም። ሴት ሀም ትውጣ፤ እኔ ልጇ ሆኜ ያየሁትንና የማስታውሰውን በራሴ ስም፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ልጻፍ።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ወረቀት ስባ፣ ብዕር አንስታ፣ «ስሟ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ።

ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ እሷም ጻፈችው።

ቤት እንደገባሁ ቅጹን እንደገና አተምኩት። ሥራ በሚለው ላይ የቤት ሠራተኛ ይላል። ከተሰረዘው ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የፊርማው ቦታ ባዶ እንደሆነ ይኖራል፣ እኔም ስንት ሳምንት እንዳስጠበቅኩሽ ያስታውሰኛል። ከእንግዲህ ትሪ ይዛ የምትገባ ሴት ባየሁ ቁጥር ፊልሙን አስቆማለሁ፣ ስም እሰጣታለሁ፣ ተመልሳ እስክትመጣም እጠብቃታለሁ። ላንቺ ግን ስም መፍጠር አያስፈልገኝም። እናትሽ ማን ናት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ሳልቸኩል እመልሳለሁ፦ አስካለ ወልደየስ፣ የቤት ሠራተኛ።

አርሜዋለሁ እማዬ።

ልጅሽ ማኅሌት