ከመካ የላክኸው ቅጠልና የእናታችን ሆድ

ለምወድህ ወንድሜ ለሙስዐብ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሥራ ላይ ያስቸግርሃል? ባለቤትህ ጁማናስ እንዴት ነች? የጅዳ ሙቀት በረደላችሁ? ትንሹ ሙሐመድያሲን መራመድ ጀመረ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሁላችንም ደኅና ነን። «አሁን» ማለቴን ልብ ሳትል አትቀርም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ። በስልክ ያልነገርኩህ እናታችን ከአጠገቤ ስለማትለይ ነው።

የሆድ ድርቀቷን ታውቀዋለህ። ያን ከመካ ገዝተህ የላክኸውን ሰና መኪ የሚሉትን የሚያስቀምጥ ቅጠል ማታ አፍልታ ከጠጣች በማግሥቱ ቀለል ይላት ነበር። ለሞጣ ጎረቤት ሁሉ «ልጄ የላከልኝ ነው» እያለች ስታካፍል ከረመች። ባለፈው ወር ግን ጥርሷ አበጠና አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ኪኒኑን በጀመረች በጥቂት ቀን ውስጥ ቅጠሉ መሥራቱን ተወ። እሷ ደግሞ ቆይቶ ኃይሉ ያለቀ መስሏት እጥፍ አድርጋ አፈላችው። ጠብ አላለም። አሁንም ጨመረችበት። ኪኒኑ ካለቀ በኋላም መጠኑን ሳትቀንስ ስትጠጣ ሰነበተች።

እኔን ልትጠይቅ ቢቸና በመጣች ማግሥት ሆዷ ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ አላት። ከሰዓት በኋላ ከሽንት ቤት ስትወጣ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እጇን ብይዘው በረዶ ሆኗል። ባለቤቴ አብዱሰመድ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል አደረስናት። አልደብቅህም፣ መሞቷ ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ ሸሃዳ እያስያዝኳት ነበር። ግሉኮስ ተሰቅሎላት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችኝ «ለሙስዐብ እንዳትነግሪው፤ ልጄ ለደግ ብሎ ነው» የሚል ነው።

ያከመቻት ዶክተር ሰሎሜ የምትባል የደብረ ወርቅ ልጅ ነች። አንድ ቅጠል አንዴ ጭራሽ እምቢ ብሎ፣ አንዴ ደግሞ ሰው የሚጥለው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሰና መኪ ብቻውን ብዙም እንደማይሠራ ነገረችኝ። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው ሰባብረው መድኃኒት የሚያደርጉት። አንቲባዮቲኩ ለጥርሷ ተብሎ ሲገባ እነሱንም ሳይፈጃቸው አልቀረም። ቢጠፉ ቅጠሉ እንደገባ ወጣ፤ መልሰው ሲበዙ ያ ሁሉ የተጨመረው ባንድ ጊዜ ሠራ። «መርምሬ ያረጋገጥኩት አይደለም፤ ግን ከነገራችሁኝ ጋር ይገጥማል» አለች።

እናታችን ተኝታ ስትሰማ ኖሯል። «ልጄ፣ እኔ ስጾም እነሱም ይጾማሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ዶክተሯ ሳቀችና ጥያቄው የዋዛ እንዳልሆነ፣ እኛ የማንፈጨውን የጎመኑን፣ የባቄላውን፣ የተልባውን ትርፍ እንደሚበሉ አስረዳቻት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ተልባ በውኃ በጥብጣ ትጠጣለች፤ ጎመን ሲቀርብ «እንግዶቼን ላብላ» እያለች ታስቀናለች። ሆዷም ቀስ እያለ በራሱ መሄድ ጀምሯል። ሰና መኪውን ሐኪም ሳታማክር እንዳትነካው ተነግሯታል። ስለዚህ አንተም አትዘን፤ ቅጠሉም አንተም አልበደላችሁም። ብቻ ለጊዜው ሌላ አትላክ።

እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ዶክተሯ ያን ዕለት፣ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች የሆዳቸው ባክቴሪያ ይመሳሰላል ብላኛለች። አንተና እኔ እየተሻማን ያደግን ነን፤ ይህን ሁሉ ዓመት የሰው አገር ሩዝ ስትበላ ያንተዎቹ ተለውጠው ይሆን? ይህንኑ ብጠይቃት «ሳይለወጡ አይቀሩም፤ መጥቶ አብሯችሁ ሲበላ ደግሞ የናንተን መምሰላቸው አይቀርም» አለችኝ። እናታችን ይህን ስትሰማ ከትራሷ ቀና ብላ «እንግዲያውስ ለረመዳን ይምጣ» አለች።

አብዱሰመድ ሰላም ብሎሃል። ጁማናን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ሙሐመድያሲንን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። እናታችን ዱዓዋ ከአንተ አይለይም።

እህትህ ሀሲና
ቢቸና፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.