ሲግሩን ያልናት ልጅ

ስቶርቪካ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.

ለውዱ ባለቤቴ ለቶርላይፍ፣

እንዴት ነህ? እጅህስ ተሻለህ? ባለፈው በመርከቡ ሬዲዮ ስናወራ ገመድ መዳፍህን እንደላጠው ነግረኸኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ ቫርዶ ስትገቡ እንዲሰጡህ ወደ ወደቡ ቢሮ ነው የምልከው። በሬዲዮ ያልነገርኩህ ነገር አለ። እኛ ስናወራ ግማሹ የባሕር ዳርቻ ሰው ጆሮውን ተክሎ እንደሚያዳምጥ ታውቃለህ።

እኛ ደህና ነን። ፀሐይ ማክሰኞ ዕለት ለዘንድሮው ክረምት ለመጨረሻ ጊዜ ብቅ ብላ ገባች፤ እንግዲህ እስከ ጥር ጨለማ ነው። ልጅቷ በማግስቱ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ወደ እኔ ዞር ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ የት ሄደች ማለቷ ነው። "ትመለሳለች" አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ስለ ጉዞው በሬዲዮ "በደህና ገባን" ብቻ ነበር ያልኩህ። አሁን እንደሆነው ልንገርህ።

ቦጎታ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆቴል ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ጉዲፈቻችንን የያዘው ጠበቃ ሰኞ ትሄዳላችሁ ብሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ረዳቱ ልጅቷን እጇን ይዛ ከተፍ አለች።

"በረራው ዛሬ ሆኗል። ቶሎ በይ" አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

"ለምን?" አልኳት።

"ወረቀቱ አለቀ። ምን ይጠበቃል?"

ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ልጅቷን እያየሁ ነበር። ፎቶዋን አሥር ወር ሙሉ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈን እያየናት ኖረናል፤ በአካል ግን ሌላ ነች፤ ረዘም ያለች፣ ዓይኗ ሁሉን የሚመዝን። የለበሰችው ሁሉ አዲስ ነበር፣ ጫማዋም ይሰፋታል። ጠጉሯ ግን በሁለት ሹርባ ተሠርቶ፣ ጫፉ በቀይ ክር ታስሯል። እንዴት ያለ ሥራ መሰለህ! አንዲት ፀጉር አላፈነገጠችም። በማሳደጊያ ውስጥ ስንት ልጅ እያለ ይህን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ማን ይሆን ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ተውኩት።

አውሮፕላን ጣቢያ ስንደርስ ሴትየዋ ከቦርሳዋ ቀይ ሽሮፕ አውጥታ ሁለት ማንኪያ አጠጣቻት። "እንድትተኛ ነው" አለች። ሳትሰናበታት ሄደች። ልጅቷ አሥር ሰዓት ሙሉ ተኛች፤ እየደጋገምኩ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ስትነቃ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ከዚያ በመተላለፊያው የምታልፈውን እያንዳንዷን ሴት ቀና ብላ ፊቷን ማየት ጀመረች። አንዲትም አላመለጠቻትም።

ዳቦ ሰጥቻት ስትገምጥ ጥርሷ ወለቀ። የፊት ጥርሷ። አስተናጋጇ ሮጣ በረዶ አመጣችላትና "ስንት ዓመቷ ነው?" አለችኝ።

"አራት።"

"አራት? ይህቺማ ቸኩላለች!" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን የእህቴ ልጆች ጥርስ ስንት ዓመታቸው ላይ እንደወለቀ እየቆጠርኩ እስከ ፍራንክፈርት ሄድኩ። ስድስት። ሁሉም ስድስት ሊሞላቸው ሲሉ ነው።

ከኦስሎ ወደ ቡዶ ስንበር አጠገባችን የተቀመጠችው ኤሊያና የምትባል ቺሊያዊት ነበረች። ከአገሯ ተሰዳ የመጣች፣ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ኖርዌይኛዋ እንደ ሰሜን ሰው ሆኖ የቀረ። ልጅቷን በቋንቋዋ ሰላም ስትላት ልጅቷ እጅጌዋን ጨምድዳ ያዘችና ወሬዋን አወረደችው። ያን ሁሉ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የኤሊያና ፈገግታ ቀስ በቀስ ከፊቷ ሲጠፋ አየሁ።

"ምን አለችሽ?" አልኳት።

"ስሟ ኑቢያ ነው አለችኝ።"

"ወረቀቱ ላይ ሉዝ ዳሪ ነው።"

"እኔ ያለችውን ነው የምነግርሽ። እናቷ ኦቲሊያ ትባላለች፤ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ነጭ ጫማ ያደረገች ሴት መጥታ ክትባት ላስከትባት ብላ ወሰደቻት። እናቷ 'ማታ ስትመጪ ሹርባሽን አድሰዋለሁ' ብላታለች። አሁን የምትጠይቀኝ፣ ዛሬ ማታ ነው የምንመለሰው እያለች ነው።"

"ወረቀቱ እናቷ ሞታለች ይላል። ልጆች እናታቸው ስትሞት አይገባቸውም" አልኳት።

"ጉንቮር፣ እኔ በሰው ጉዳይ አልገባም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይህቺ ልጅ ግን እናት አላት።"

የራሷ የወንድሟ ሚስት ቦጎታ እንደምትኖር፣ የእናትየዋን ሰፈር ልታጠያይቅላት እንደምትችል ነገረችኝ። ስልካችንን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ለምን እንደሰጠኋት አትጠይቀኝ፤ ልጅቷ የሴትየዋን እጅጌ አልለቅም ብላ ሰው ሁሉ እያየን ነበር፤ እንድትሄድልን ብቻ ፈልጌ ነው።

ወደ ደሴታችን በሚያሻግረን ጀልባ ላይ ትኬት ቆራጩ ኮሬ ገና ሲያየን "ጉንቮር! ምድርን አዳርሰሽ ይቺን ሚጢጢ ብቻ ይዘሽ መጣሽ? ቶርላይፍ ቢያንስ ሁለት ነው ያዘዘው!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦድኒ ጎረቤታችን ዋፍል ጋግራ፣ ምድጃውን አንድዳ ጠበቀችን። ሁሉም "እንኳን ደስ ያለሽ" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቶርላይፍ። አልዋሽህም። ሦስት ጊዜ አርግዤ ሦስት ጊዜ ባዶ እጄን ከሆስፒታል የወጣሁ ሴት ነኝ፤ አንተው ነህ በር ላይ የተቀበልከኝ። ያን ቀን ግን አንዲት ልጅ እጄን ይዛ ቤቴ ገባች።

በሳምንቱ ጉዲፈቻውን ወደፈጸመልን ድርጅት ደወልኩ። ስለ ጥርሷና ስለ ስሟ ነገርኳቸው። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

"ወይዘሮ ጉንቮር፣ እንዲህ ያለውን ከየቤቱ እንሰማለን" አለች። "ልጆች ይፈጥራሉ። ወረቀቱ የተሟላ ነው። አይ፣ ይጣራ የምትዪ ከሆነ ግን ልጅቷ ተመልሳ የምትገባው ማሳደጊያ ነው፣ ማንም እናት ዘንድ አይደለም። ይህን ነው የምትፈልጊው?"

"አይደለም" አልኩ።

"እኔም አይመስለኝም።"

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ራሷ ደወለች። "ከዚያ አገር ማንም ቢጽፍላችሁ ወይም ቢደውል አትመልሱ። ጠበቃው ነው አሳስቡልኝ ያለው።"

"ማን ነው የሚደውለው?"

"ማንም። ለጥንቃቄ ነው" አለችና ዘጋችው።

ማንም የማይደውል ከሆነ ተጠንቀቂ ለማለት ለምን ይደውሉልኛል? እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ልጅቷ ሹርባዋን አላስነካ አለችኝ። ላጥብሽ ስላት ሁለቱንም በእጇ ይዛ ጥግ ትገባለች። አምስት ሳምንት ሙሉ እንዲያው ተቋጥሮ፣ ቀዩ ክር ጠቁሮ። ሰኞ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ተኝታ ሳለ በመቀስ ቆረጥኩት። ለኦድኒ ቅማል ይዟት ነው አልኳት። ቅማል አልነበረባትም። ነቅታ ጭንቅላቷን ዳሰሰችና አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ በጀልባው ሰዓት፣ ወደ ቤቷ የምትመለስ ይመስል ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ትቆም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እሱንም ትታዋለች።

ክርስትናዋን አንተ ሳትመጣ በመጪው እሑድ እንዲያደርጉልኝ ቄሱን ለምኜ እሺ ብለውኛል። አትቀየመኝ። አንዴ በመዝገብ "ሲግሩን" ተብላ በእናትህ ስም ከተጻፈች ነገሩ የሚረጋ መሰለኝ። አንተ ስትመጣ ተቀምጠን እንመክራለን፤ ያልከኝን አደርጋለሁ። እንደ ድሮው።

ዛሬ ምሳ በልተን እሷ ጠረጴዛው ላይ ስትስል ስልኩ ጮኸ። ኤሊያና ናት። "ጉንቮር፣ በእግዚአብሔር እንዳትዘጊው። ከቦጎታ አገናኝተውናል፣ መስመር ላይ ናት" አለችኝ። ከዚያ ሩቅ፣ እንደ ነፋስ ያለ ጩኸት። ከዚያ የሴት ትንፋሽ። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ፣ እንደሚጠይቅ ሰው፦ "ኑቢያ?"

ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ቀና አለች።

ዘጋሁት።

"ማን ነው?" አለችኝ። በእኛ ቋንቋ፣ ቶርላይፍ! ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ጥያቄ ነው። ስንት ቀን የጓጓሁለት።

"ማንም አይደለም። ተሳስተው ነው" አልኳት።

እግዚአብሔር ከማዕበሉም ከበረዶውም ይሰውርህ፤ መረባችሁ ይሙላ፤ ሰውም ጀልባም ሳይጎድል ለገና ቤትህ ያግባህ። በባዶ ሆድህ ቡና አታብዛ። ከቫርዶ ደውለህ ስልኩ ባይነሣ እንዳትደነግጥ፤ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬዋለሁ። ቤት ነን። የትም አልሄድንም።

አንተን የምትወድ፣
ጉንቮር